የልጄን መንጋጋ ጥርስ ላተረፈችልን ሐኪም ምስጋና፣ ለድሬ ወላጆችም ጥቆማ

የድሬ ሰዎች እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምጽፈው ከዚራ አካባቢ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ የምትሠራ ሐኪም ለማመስገን ነው። ልጅ ያላችሁ ሁሉ እንድታውቋትም እፈልጋለሁ።

የ7 ዓመት ልጄ ቀዝቃዛ ወይ ጣፋጭ ነገር ታች መንጋጋዋን በነካት ቁጥር ትጮኻለች። ሲለቃት ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትጫወታለች። ጎረቤቱ ሁሉ «የወተት ጥርስ አይደል እንዴ፣ ይነቀልላትና ትረፍ፣ ሌላ ይበቅልላታል» አለን። መጀመሪያ የወሰድናት ቦታም (ስም አልጠራም) አፏን በቅጡ ሳያዩ እንንቀለው አሉን። ልቤ እሺ ስላላለኝ ይዣት ወጣሁ።

ይቺ ሐኪም ግን መሣሪያ ከማንሳቷ በፊት ለልጄ የእጅ መስታወት ሰጠቻት። «ነይ እስቲ ማሬ፣ ከፊት ከመሃል ጀምረሽ ቁጠሪልኝ» አለቻት። ልጄ አፏን ከፍታ በጣቷ እየነካች ቆጠረች። የታመመችው ስድስተኛዋ ሆነች። ያኔ ወደኛ ዞራ «ይቺ የወተት አይደለችም፣ ቋሚ ናት። ከተነቀለች ምትክ የላትም» አለችን።

ወላጆች፣ ይቺን ነገር ያዙልኝ። የመጀመሪያዋ ትልቅ መንጋጋ በ6 ዓመት አካባቢ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ትወጣለች። እሷ እንድትወጣ የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ፣ ጣሪያ ላይ የሚወረወርም ነገር ስለሌለ፣ ቤት ውስጥ ማንም ልብ አይላትም። ላይዋ ጎድጓዳ መስመር የበዛበት ነው፣ ምግብ ይይዛል። በዚያ ላይ ኋላ ስለሆነች ልጅ ሲቦርሽ ብሩሹ በደንብ አይደርስባትም። ስለዚህ ቶሎ ከሚቦረቦሩት ጥርሶች አንዷ እሷ ናት።

ከፕላስቲክ የተሠሩ ጥርሶች አውጥታም አስረዳችን። የወተት ጥርስ 20 ነው፣ የአዋቂ 32። የፊቶቹ 8 ይቆርጣሉ፣ 4ቱ ክራንቻዎች ይቀዳድዳሉ (ሸንኮራ የምንልጠው በነሱ አይደል)፣ የቀሩት ያደቅቃሉ፣ ይፈጫሉ። የወተት ጥርስም ቢሆን ዝም ብሎ አይነቀልም፣ ለሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ ይዞ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ያለጊዜው ከወጣ ጎረቤት ጥርሶች ይጠጋጉና አዲሱ ተጣሞ ሊበቅል ይችላል።

ሕክምናውን ስትጀምር ልጄ የማሽኑን ድምፅ ፈራች። ሐኪሟ አልተቆጣችም፣ «ያዟት» ብላም አላስጨነቀችንም። የምታዞረውን ለስላሳ ብሩሽ መጀመሪያ የልጄ ጥፍር ላይ አስነክታ አሳየቻት። ልጄ ሳቀች። ከዚያ አደንዝዛ፣ የበሰበሰውን አጽድታ ሞላችላት። ስንወጣ «ድንዛዜው እስኪለቃት ምግብ እንዳትሰጧት፣ ሳታውቀው ጉንጯን ትነክሳለች» አለችን። ዋጋውንም የነገረችን ሳትጀምር በፊት ነው።

የሰጠችን ምክር ለድሬ ሰው የሚሆን ነው። በዚህ ሙቀት ልጆቻችን ለስላሳ ይዘው እየተጎነጩ ነው የሚውሉት፣ ጣፋጩ ሙሸበክም አለ። ጥርስ ላይ ያሉት ጀርሞች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱ የጥርሱን ሽፋን ይበላል። ስለዚህ ከመጠኑ ይልቅ ቀኑን ሙሉ መደጋገሙ ይብሳል። ጣፋጩ ከምግብ ጋር አንዴ ይበላና ይብቃ፣ በመሃል ውሃ ይጠጣ። ጫት ላይ ስኳርና ለስላሳ ለምናበዛው ትልልቆቹም ነገሩ ያው ነው።

ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ ያህል ይቦረሽ። ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ የአተር ፍሬ የምታህል በቂ ናት። የማታው በጭራሽ አይዘለል። አረፋውን ይትፋ እንጂ ወዲያው በብዙ ውሃ አይጉመጥመጥ። እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ አዋቂ ከኋላ ቆሞ ያግዘው። መፋቂያ የለመደ መፋቂያውን አይተው፣ ግን ድዱን እንዳያቆስል፣ የኋላ መንጋጋዎቹንም እንዳይረሳ።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ስሜን አትጻፊው ስላልሽኝ አልጻፍኩትም። ክሊኒኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እጠቁማችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ሰው ይበዛባታል፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ በጠዋት ሂዱ።