ስመ ጥሩው ኮሌጅ ወይስ ውጤት የሚሸልመው?
በአሜሪካ ልጃቸውን ኮሌጅ ለሚያስገቡ ወላጆች ልዩነቱ የሚጀምረው ከእርዳታው ዓይነት ነው። ሃርቫርድና አይቪ ሊግ በሚባለው የስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ ያሉት አቻዎቹ ለጥሩ ውጤት ብለው ገንዘብ አይሰጡም፤ የሚመዝኑት የቤተሰቡን አቅም ነው። ስለዚህ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ውድ የሚመስለው ኮሌጅ ከቅርቡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሊረክስ ይችላል። የሚቸገረው ገቢው ከፍ ብሎ ቁጠባ የሌለው ነው፤ በወረቀት ሀብታም፣ በኪስ ባዶ።

እንደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ግን ለውጤት ይከፍላሉ። ሽልማቱ የሚታደሰው ነጥብ ካልወረደ ነው፤ ኢንጂነሪንግ ለሚያጠና ይህ ቀላል አይደለም።

በወላጅ ለሚደገፍ ተማሪ ተማሪው ራሱ ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 5,500 ዶላር ነው። ስመ ጥሩው ኮሌጅ በዓመት ከዚህ በላይ ከተወደደ እኔ ውጤት የሚሸልመውን እመርጣለሁ፤ ልጁ ግቢውን አይቶ ፊቱ ካልጠቆረ።