ደሴ ላይ ሥነ ጽሑፍ የሚያስጠና ለምትፈልጉ፣ እኚህን ሰው ነው የምላችሁ

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጣ "ልጄ አማርኛ ወደቀብኝ፣ ደግሞ በአማርኛ ይወደቃል?" ስትል ሰማሁና ሳቄ መጣ። አምና እኔም ይቺኑ ቃል በቃል ብያት ነበር። ልነግራት ስል ወራጅ በዛ፣ እሷም ወረደች። እዚህ ልጻፈውና ካየችው ታየዋለች።

እኔ ሾፌር ነኝ። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ። መንገዱ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን የሐረጎን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቀኑን ሙሉ ማርሽ ስትቀያይር ትውላለህ። ሥነ ጽሑፍ የሚባል ነገር ከተማሪነቴ ወዲህ ነክቼ አላውቅም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም ቢሆን የማውቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው፣ እናቴ ቡና እያፈላች በሬዲዮ ስትሰማ። እስካሁን ጉዱ ካሣ ሲባል ፊት አይመጣልኝም፣ ድምፅ ነው የሚመጣልኝ።

ልጄ አሁን 11ኛ ክፍል ናት። አምና ፈተና ላይ የዚሁ መጽሐፍ ጭብጥ ምን እንደሆነ ጻፉ ተባሉ። ከ20 ያመጣችው 7 ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። "የመጽሐፉ ጭብጥ ፍቅር ነው። ሰብለ ወንጌል ቆንጆ ናት። በዛብህ ጎበዝ ነው።" በቃ። ከየት አመጣሽው ስላት፣ የማጠናከሪያ ትምህርት የምትማርበት ቤት ፎቶ ኮፒ አድርጎ ካደላቸው ወረቀት ነው። የቤቱን ስም ተዉት። ከፍዬ እኮ ነው ያስተማርኳት! አብረዋት የሚማሩ ሌሎች አራት ልጆችም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ያንኑ 7 አምጥተዋል። መምህራቸው አምስቱንም አቁሞ ማን ከማን እንደቀዳ ሲጠይቅ ነው የዋለው አሉ።

አንድ የደሴ ደንበኛዬ ናቸው ወደ ጋሼ የመሩኝ። ጋሼ ነው የምላቸው፣ ስሜን እንዳትጽፍ ብለውኛል። ዕድሜያቸውን አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሆጤ አካባቢ፣ ግቢያቸው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ቅዳሜና እሁድ ያስጠናሉ። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ አንድ ስፌቱ የተፈታ በላስቲክ የታሰረ «ፍቅር እስከ መቃብር»። ሌላ ነገር የለም።

የመጀመሪያ ቀን ልጄን አስገብቼ ልወጣ ስል "አንተስ ወዴት ነው?" አሉኝ። መኪናው ውስጥ ልጠብቅ ነው አልኳቸው። "ብርድ ላይ ምን አስቀመጠህ፣ ግባና ተቀመጥ።" ገባሁ። ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ።

ልጄን የመጽሐፉን ጭብጥ ጠየቋት። "ፍቅር" አለች፣ ሰባቷን ያመጣችበትን መልስ ደገመችው።

"የኔ ልጅ፣ ገበያ ሄደሽ ስትመለሺ እናትሽ ወሬ ብትጠይቅሽ 'ጤፍ' ብለሽ ዝም ትያለሽ?"

"አልልም።"

"ምን ትያለሽ?"

"ጤፍ ተወደደ።"

"አዎ! ጤፍ ጉዳይ ነው፣ ጤፍ ተወደደ ጭብጥ ነው። ጭብጥ ማሰሪያ አንቀጽ አለው። ፍቅር ምን ሆነ? ፍቅርን ምን አገኘው? እሱን አምጪልኝ። አብሽሪ፣ ዛሬ ካልመጣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይደርሳል።"

እኔ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ ይቺን እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ አልነበረም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የቃላት ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ መጡና ሰሌዳው ላይ "ሰውየው በላ" ብለው ጻፉ። ከዚያ "በላ"ን አጥፉና ሌላ ተኩበት አሉ። ልጆቹ መጣል ጀመሩ። ቀመሰ። ጎረሰ። ዋጠ። ሰለቀጠ። አነኮተ። ተቋደሰ። አንዱ ልጅ "ጠረገ" አለና ሁሉም ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም። "ምግቡ አንድ ነው፣ ሰውየው ግን ስንት ሆነ?" ብለው በየቃሉ ሥር የሰውየውን መልክ አስጻፏቸው። የቀመሰው ሆዱ የታመመ ወይም ይሉኝታ የያዘው፣ የሰለቀጠው የማታውቁት እንግዳ ሆኖ ከመጣ የሚያስፈራ፣ የተቋደሰው ከጎኑ ሌላ ሰው ያለው። ብቻውን የተቋደሰ ሰው የለምና። ደራሲው "ሰለቀጠ" ካለ ሰውየው ስግብግብ ነው ብሎ መጨመር አያስፈልገውም፣ ነግሮን ጨርሷል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ታክሲዬ ክፍል ሆነችብኝ። ወራጅ እንዴት እንደሚናገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ "አውርደኝ" ይላል። አንዱ "እዚህ ጋ ጣለኝ።" ዕቃ ያላት ሴትዮ "አራግፈኝ።" አንድ ሸምገል ያሉ አባት አሉ፣ ሁልጊዜ "እዚህች ጥላ ሥር አሳርፈኝ" ነው የሚሉት፣ ዝናብ ቢሆንም። ሃያ ዓመት ሙሉ ለእኔ ሁሉም "ቁም" ማለት ነበር። አሁን ረዳቴ እየሳቀብኝ በየቀኑ አዲስ ቃል እለቅማለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጋሼ አቀርባለሁ።

ገጸ ባሕርይ ላይ ደግሞ አንድ ዘዴ አላቸው። ልጆቹ በየገጹ አንተ፣ አንቺና አንቱ የሚሉትን በእርሳስ ይከቧቸዋል። ማን ማንን አንቱ ይላል? ማን አይልም? አንቱ የነበረው ወደ አንተ ከወረደ እዚያ ገጽ ላይ አንድ ነገር ተሰብሯል ማለት ነው፣ ገልብጡና ፈልጉ ይሏቸዋል። እውነት ነው ደግሞ፣ በቤታችንስ ቢሆን የምንጣላው መጀመሪያ በዚች አይደል?

ጉዱ ካሣን ያስተማሩበት ቀን እኔም እጄን አውጥቼ መልሻለሁ። (ተሳስቼ ነበር።) "ጉዱ የሚለው ስም ስለ ማን ይነግረናል?" አሉ። "ስለ ካሣ" አልኩ። "ካሣ ራሱን ጉዱ ብሎ ሰየመ?" "አይ፣ ሰው ነው ያወጣለት።" "እንግዲያው ስሙ የሚነግርህ ስለ አውጪዎቹ ነው።" ዝም አልኩ። የአገሬውን ሥርዓት ትክክል አይደለም ብሎ የሚሞግት ሰው ለእነዚያ ሰዎች ጉድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያንን ስም መጽሐፉ ሙሉ እንዲጠራ ሲያደርጉ፣ እኛም በጠራነው ቁጥር ከአውጪዎቹ ጋር እንድንቆም አድርገውናል፣ ሰውየው አፉን ሲከፍት ደግሞ እናፍራለን። ይህን ያሉት ጋሼ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ እኔ የደብተሯን ነው የምገለብጠው።

አሁን ወደ "እስከ" ልምጣ። ሦስት ቅዳሜ የፈጀብን ይሄ ነው።

"ርዕሱ ውስጥ ስንት ቃል አለ?" አሉ። ሦስት። "ፍቅርን ታውቃላችሁ፣ መቃብርን ታውቃላችሁ። እስከስ?" ማንም አልመለሰም። ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ሾፌር ነህ። እስከ ሐይቅ ከተማ ጫነኝ ያለህን ሰው የት ታወርደዋለህ? ከተማው ውስጥ ወይስ መግቢያው ላይ?"

እኔ መግቢያው ላይ ነው አልኩ። እስከ ሐይቅ ማለት ሐይቅ ድረስ ነው፣ ሐይቅ ስንደርስ አለቀ። ልጄ "አባ፣ ሐይቅ ውስጥ ካላወረድከው እኮ ሐይቅ አላደረስከውም" አለች። ከዚያ ክፍሉ ሁለት ሆነ። በእኔ በኩል ያሉት ፍቅሩ መቃብሩ አፋፍ ላይ ያበቃል፣ ሞት ይለያያል አሉ። በልጄ በኩል ያሉት መጨረሻውን አንብቡ አሉ። ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ከቤቷ ወጥታ በዛብህን ስታገኘው ሊሞት ደርሷል፣ መጨረሻ ላይ ግን እነሱም ጉዱ ካሣም ያረፉት በአንድ መቃብር ነው። ስለዚህ ፍቅሩ መግቢያው ላይ አልወረደም፣ ከተማው ውስጥ ገብቷል። ተሸነፍኩ መሰለኝ። ጋሼ ግን አልፈረዱም። "ማስረጃ ያለው ሁለት ንባብ ለአንድ መጽሐፍ አይበዛም" ብለው ቡና አስመጡ። በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በአንዲት ሦስት ፊደል ብቻ ባላት ቃል እንዲህ ያከራክረናል።

ከሰብለ መነኩሴ መምሰል ተነስተው ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሮም ወደታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ወሰዷቸው። እዚያም ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጦቢያ ወንድ መስላ ነው መንገድ የምትወጣው። በሁለቱ መጻሕፍት መሃል ከሃምሳ ዓመት በላይ አለ፣ ሴት ልጅ ግን አሁንም መንገድ ለመውጣት ልብስ መቀየር አለባት። ለምን? የቤት ሥራው ይሄ ነበር። ልጄ አንድ ሳምንት ሙሉ እናቷን ስትጠይቅ ከረመች፣ ባለቤቴም እኔ ያልሰማሁትን የልጅነት ታሪኳን አወራቻት።

ውጤቱን ለምትጠይቁኝ፣ ዘንድሮ በተመሳሳይ ጥያቄ ከ20 ያመጣችው 16 ነው። የጻፈችውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በቃሌ ይዤዋለሁ፦ "ሰውን በዘሩ የሚመዝን ሥርዓት መጀመሪያ የሚበላው የገዛ ልጁን ነው።" ከዚያ ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ የሚመጣውን ባል ሁሉ ዘሩ አይመጥንም እያሉ ሲመልሱ፣ ለልጃቸው የተረፋት ምን እንደሆነ ዘርዝራለች። በዛብህም ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ስለት የሰጡት ልጅ መሆኑን ጨምራለች፣ እሱም ባልገባው ቃል የታሰረ ነውና። ወረቀቱን ለጋሼ ስታሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው አጠጉት። ጎበዝ ይሏታል ብዬ ስጠብቅ "ለምን 'ይበላል' አልሽ? ለምን 'ይጎዳል' አላልሽም?" አሏት። "ጋሼ፣ የጎዳ ሰው አይጠግብም፣ የበላ ግን ይጠግባል፣ ሥርዓቱ ደግሞ እሷን ጎድቶ ራሱ ይጠቀማል ብዬ ነው" አለች። ዝም አሉ። ያን ቀን ቡናው ሁለተኛ ተፈላ።

እንከኑንም ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ጋሼ ቀርፋፋ ናቸው። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሰዓት ሊቀመጡ ይችላሉ። ለፈተና ብቻ ቶሎ አስጨርሱልኝ የሚል ወላጅ ሲመጣ "ሌላ ቤት አለ" ብለው በር ያሳያሉ፣ አንድ ጊዜ ፊቴ ላይ ነው ያሉት። ክፍሏ ትቀዘቅዛለች፣ የኮምቦልቻ ልጅ ጃኬት ሳይዝ እንዳይመጣ። ክረምት ላይ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ትምህርቱ ይቆማል፣ ምክንያቱም አይሰማም። ጠዋት 3 ሰዓት በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የአገር ሽማግሌ ቢመጣ አይከፈትም። ስልክ ላይ የተነበበ መጽሐፍም አይቀበሉም፣ እርሳስ የሚያርፍበት ወረቀት ነው የሚፈልጉት። ተውሳችሁም ቢሆን መጽሐፉን ይዛችሁ ኑ።

ክፍያው በወር 600 ብር ነው። ከአንድ ቤት ሁለት ልጅ ከመጣ ለሁለተኛው አይቀበሉም። ለእኔ ለአባትየው ክፈል ቢሉኝ በከፈልኩ፣ አንድ ቀን ላወጣ ስል "አንተ ቃል ታመጣለህ፣ ይበቃል" አሉኝ።

ጋሼ፣ ልጆቹ ያነቡልዎታል ብዬ ነው። እኔ በእርስዎ ፊት ሳመሰግን ምላሴ ይተሳሰራል፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ቁልፌን አንስቼ እወጣለሁ። ለልጄ የሰጧትን አይቻለሁ። ለእኔ የሰጡኝን ደግሞ ሐረጎ ላይ በየቀኑ እሰማዋለሁ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። የኮምቦልቻ ልጆች ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ከመናኸሪያ እነሳለሁ፣ ከኋላ አንድ ወንበር ለእነሱ ነው። ለጋሼ ቤት የሚሄድ ልጅ ሒሳብ አይከፍልም፣ ሲወርድ ግን ምን ብሎ እንደሚያስቆመኝ አስቦ ይምጣ።