ለሱስ ማገገሚያ ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ሱስ የያዘው ሰው ቤታችሁ ያለ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ። የምጽፈው ስለ ወንድሜ ነው። እሱም አንብቦት «ይውጣ» ብሎኛል።

ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። አረቄና ጫት ከያዙት ቆይተዋል። ባለፈው ክረምት ነገሩ ሲብስ ቲክቶክ ላይ «በ90 ቀን ከሱስ ነፃ» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ቦታው ከካራ አለፍ ብሎ ወደ ለገጣፎ መውጫ ላይ ነው። ግቢው ያምራል፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ያነጋገረን ሰውዬም አፈ ቅቤ ነው። የሦስት ወር 90 ሺህ ብር በቅድሚያ አለን። እናቴ የዕቁብ ብሯን አወጣች፣ የቀረውን እኔ ተበደርኩ።

ውሉን ሰጡኝ፣ ፈረምኩ። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጧል። በዚያ ሰዓት አልጠጣም፣ ይሰማል፣ ይናገራል። «አንተስ ተስማምተሃል?» ያለው ሰው የለም። እኔም አላልኩትም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ውሉን በደንብ ያነበብኩት በኋላ ነው። ቤተሰብ ለ30 ቀን መጠየቅ አይችልም። የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም። ማዕከሉ አስፈላጊ ነው ያለውን ሕክምና ሁሉ ይሰጣል። ስልኩንና መታወቂያውንም ተቀብለውታል።

በ19ኛው ቀን አላስችል አለኝና ሄድኩ። ዘበኛው «የመጠየቂያ ቀን አይደለም» ብሎ በሩ ላይ አቆመኝ። መኪና ሊያስገባ በሩን ሲከፍት ወንድሜን አየሁት። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ፀሐይ ያሞቁታል። አንገቱ ወደ ግራ ተጣሞ ቀርቷል። የሹራቡ ደረት በለሃጭ ርሷል። ሹራቡም የእሱ አይደለም። «እቴ» ሊለኝ ሞከረ፤ መንጋጋው እምቢ አለው።

ጥሼ ገባሁ። ምን እንደሰጡት ስጠይቅ ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ «የሚያረጋጋ መርፌ ነው» አለኝ። ስሙስ? «ኃላፊው ነው የሚያውቀው።» ሐኪም የለም? «ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል።» ይዤው ልወጣ ስል ደግሞ የመድኃኒት ሂሳብ 11 ሺህ ብር ሳትከፍይ አይወጣም አሉኝ። ደውዬ፣ ለምኜ፣ ከፍዬ አስወጣሁት።

በቀጥታ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይዘነው ሄድን። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችን «ምን ተወጋ? መቼ?» ብላ ነው። የማሳያት አንዲት ወረቀት የለኝም። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች ጡንቻን እንዲህ ጨምድደው ሊይዙ እንደሚችሉ አስረዳችን። ማፍታቻ መርፌ ተሰጠው፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ተመለሰ። መድኃኒቱ በቦታው የሚያስፈልገው ሰው አለ። ስሙን ሳይናገሩ፣ ሳይመዘግቡና ሳይከታተሉ መውጋት ግን ሕክምና አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሕጉን አገላበጥኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው የሕክምና ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይናገራል። ሌላ ሰው ሊወስንለት የሚችለው ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ወይም ፍርድ ቤት በራሱ ጉዳይ እንዳይወስን ለከለከለው ሰው ነው። 18 ዓመት የሞላው ሰው ሱስ ስላለበት ብቻ የእህቱ ንብረት አይሆንም። ስለዚህ የእኔ ፊርማ የእሱን ፈቃድ አይተካም። ለሂሳብ ብሎ ሰውን ማገትም አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ከሕግ ውጭ ማንም ነፃነቱን እንዳያጣ ይከለክላል። ብር አለብህ የሚል ወገን ፍርድ ቤት ሄዶ ይጠይቅ እንጂ በር መቆለፍ አይችልም። ይህን ያን ቀን ባውቅ ኖሮ 11 ሺህ ብሩን አልሰጥም ነበር።

የቪዲዮ ነገርም አለ። ወንድሜ የገባበትን ቀን ቀርጸው፣ ፊቱን እንኳ ሳይሸፍኑ ለቀውታል። ያየችው የአክስታችን ልጅ ናት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 መሠረት የሰው ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ አይታይም። እንዲያወርዱት በጽሑፍ ጠየቅን፣ ከሳምንት በኋላ አወረዱት። የጠየቃችሁበትን ጽሑፍ ቅጂ ያዙ።

ስለ ፈቃድም ልንገራችሁ። ግድግዳቸው ላይ ያለው ንግድ ፈቃድ ነው፤ ቀርቤ ሳየው «የማማከር አገልግሎት» ይላል። እናንተ የጤና ተቋም የብቃት ማረጋገጫ አሳዩን በሉ። ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ የከተማዋን ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጠይቁ። ካራን አልፎ ሸገር ከተማ ውስጥ ከሆነ ግን ጉዳዩ የኦሮሚያ ጤና ቢሮ ነው። ከድንበሩ የቱ ጋ እንደሆነ ሳትለዩ አቤት ብትሉ ትንከራተታላችሁ።

ሌሊት ማን እንዳለ ሳትጠይቁ ደግሞ እንዳትወጡ። በተለይ ሰውየው በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ከሆነ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነቱ ሊያንዘፈዝፈው፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊቃዥ ይችላል። ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ይህን በመድኃኒት የሚቆጣጠር ባለሙያ ያስፈልጋል። ወንድሜ እዚያ በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ ያይ እንደነበር አሁን ነው የነገረኝ። ያገኘው ምላሽ «ጸልይ» የሚል ነው። ጸሎትን አልነቅፍም፣ እናቴ በጸሎት ነው ያሳደገችን። ነገር ግን በዚያ ሌሊት አጠገቡ ሐኪም ያስፈልገው ነበር።

አሁን ወንድሜ ክትትሉን በራሱ እግር እየሄደ ነው የሚከታተለው። የመድኃኒቱን ስም በደብተሩ ይጽፋል። አንድ ቀን ተመልሶ ጠጥቷል፤ ደብቆንም አላደረገውም።

ዛሬ እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ሰው ያላችሁ፣ 30 ቀኑን አትጠብቁ። ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት፣ ለብቻው አነጋግሩት፣ የሚወስደውን መድኃኒት ስምና መጠን በጽሑፍ ተቀበሉ።