ሽጉጥን በቤት ማጽዳት ወይስ ለባለሙያ መስጠት?

ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲያወርድ ብረት በእርጥበት ይዝጋል፤ በቆቦ ሜዳ ደግሞ ጠላቱ አቧራ ነው። ፈቃድ ያለው ባለሽጉጥ ታዲያ የትኛውን ይምረጥ?

ወጪ፦ በቤት ብሩሽ፣ ንጹሕ ጨርቅና የመሣሪያ ዘይት ይበቃል። ባለሙያ በየጊዜው ያስከፍላል።

አደጋ፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። በቤት ሲጸዳ መጀመሪያ ካዝናው (የጥይት መያዣው) ይወጣል፤ የላይኛው ተንሸራታች አካል ወደ ኋላ የሚሳበው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሽጉጡ ከካዝናው ሌላ ጥይት ይጎርሳል፤ “ባዶ ነው” የተባለ መሣሪያ ሰው የሚገድለው እንዲህ ነው። ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይንም በጣትም ይፈትሹ። ጥይቶቹ ሌላ ክፍል ይቀመጡ፤ ልጆች አይቅረቡ። ወደ ባለሙያ ሲወስዱትም ባዶነቱን በዚሁ መንገድ ያረጋግጡ።

አያያዝ፦ በቤት ብዙዎች ዘይት ያበዛሉ። ለቆላ ይህ ክፉ ነው፤ አቧራና የባሩድ ጥቀርሻ ተቦክቶ ሽጉጡ ነክሶ እንዳይተኩስ ያደርገዋል። ስስ ቅብ ይበቃል።

ከተኩስ በኋላ ለሚደረግ ጽዳት፣ አፈታቱን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው ቤቱ ይሻላል። ሞላው የደከመ፣ ዝገት ወደ ውስጥ የዘለቀበት ወይም ምላጩ የሚያመነታ ሽጉጥ ግን ያለ ጥርጥር የባለሙያ ነው።