ባሕር ዳር ላይ ፍሬን ነክሶ ከቀረ፦ ካሊፐር ከመግዛታችሁ በፊት አስፈቱት

ከውጭ ለእረፍት መጥታችሁ ግቢ ውስጥ ቆሞ የከረመ ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ የምታስነሱ ሁሉ ይህን አንብቡ። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ጋራዥ የላንድክሩዘር ፕራዶ 120 ሞዴል የፊት ግራ ፍሬን አበላሽቶና አጉላልቶ፣ በመጨረሻ አዲስ ካሊፐር (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ ጨምቆ ጎማውን የሚያቆመው የፍሬን ክፍል) ካልተገዛ አይሆንም አለ። ሌላ ጋራዥ ያንኑ ካሊፐር ፈትቶ፣ ጎሚኒ የሚባሉትን የጎማ ቀለበቶችና የመጀመሪያው ያበላሻትን አጭር ቱቦ ብቻ ቀይሮ በግማሽ ቀን አስረከበ። ስም አልጠራም። የሚጠቅማችሁ የሁለቱ አሠራር ልዩነት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመቆም ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር፣ መኪናው ክረምቱን ሙሉ ከሐይቁ እርጥበት ጋር። ፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፤ ውሃው ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። የአቧራ መከላከያው ጎማ ከተሰነጠቀ ደግሞ ጭቃ ገብቶ የፒስተኑን (በዘይት ግፊት ወጥቶ ሸራውን የሚገፋውን ብረት) አፍ ከውጭ ይበላዋል። ብዙ ሰው ፒስተኑን የሚመልሰው ስፕሪንግ ይመስለዋል። የሚመልሰው ዙሪያውን የያዘው ጎሚኒ ነው፦ ፍሬን ሲረገጥ ይጣመማል፣ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ከሚሊሜትር ባነሰ ርቀት ይዞት ይመለሳል። ዝገት ወይም ያበጠ ጎሚኒ ይህችን እንቅስቃሴ ካስቀረ፣ ሸራው ዲስኩን እያሻሸ ይሄዳል።

መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል፣ አንዱ ቸርኬ ከጓደኛው በጣም ይግላል። ለማረጋገጥ እጃችሁን አታስነኩ፤ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጎ ሲተን ማየት ይበቃል። ይህን ይዞ ለአዲስ አበባ መነሳት አይታሰብም። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሲሆን፣ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም።

አሁን ወደ ጋራዡ። የመጀመሪያው ጥፋቱ ሳይመረምር መፍታቱ ነው። ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው። ጎማው ነክሶ ሳለ ታኮ ተደርጎ፣ መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) ይደገፋል። ከዚያ ከላስቲክ ቱቦው በላይ ያለው የብረት ቱቦ መጋጠሚያ በጥቂቱ ይላላል። ጎማው ከተለቀቀ ችግሩ ከላይ፣ ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) በኩል ነው። ካልተለቀቀ መጋጠሚያው ይጠበቅና ካሊፐሩ ላይ ያለው የአየር ማውጫ ቡሎን ይከፈታል። ዘይት ተፈናጥሮ ጎማው ነጻ ከሆነ ላስቲክ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ዘይቱን አልመልስ ብሏል፤ ያን ጊዜ ካሊፐር መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። በዚህም ካልተለቀቀ ጥፋቱ ፒስተኑ ላይ ወይም ሸራው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። የፕራዶ 120 የፊት ካሊፐር አራት ፒስተን ያለው፣ ከቦታው የማይንቀሳቀስ፣ የሚንሸራተትበት ፒን የሌለው ነው። ስለዚህ «ፒኑን ግራሶ ቀብተነዋል» የሚል መካኒክ ስለ ኋላው ካሊፐር ካልሆነ በቀር የሚያወራውን አያውቅም።

ሁለተኛው ጥፋት፦ ወደ ካሊፐሩ የምትገባዋን የብረት ቱቦ ዳዶ በተራ ክፍት ቁልፍ ፈታ። 10 ቁጥር ናት፣ ለስላሳ ናት፣ ጥርሷ ወዲያው ይሟሽሻል። ዳዶዋን ዙሪያዋን የሚይዝ የቱቦ ቁልፍ የሌለው ሰው ፍሬን መንካት የለበትም።

ሦስተኛው ከሁሉም የባሰው ነው። ጎሚኒዎቹን በናፍጣ አጥቦ፣ ተራ የኩሽኔታ ግራሶ ቀብቶ መልሶ ገጠማቸው። የፍሬን ጎሚኒ ከነዳጅ ዘር ጋር አይስማማም፤ ናፍጣም፣ ቤንዚንም፣ የሞተር ዘይትም፣ ተራ ግራሶም ያሳብጠዋል። መኪናው ከጋራዡ ሲወጣ ደህና ነበር፤ ጢስ ዓባይ ደርሶ ሲመለስ ግን ከበፊቱ ብሶ ነከሰ። ያን ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ የካሊፐሩ ሆነ። «ጋሼ፣ ይሄ ሞቷል፤ ሁለቱም ነው የሚገዛው።» ዕቃው ከአዲስ አበባ ነገ ይገባል ተባለ። ነገ ሲደርስ ከነገ ወዲያ፣ ቀጥሎ መኪናው መንገድ ላይ ነው፣ ቀጥሎ ዋጋ ጨምሯል። የእረፍት ጊዜ እየተቆጠረ ነው፤ ከዘመድ ወደ ዘመድ በባጃጅ መመላለስ ሆነ። ብር በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም፤ ነገር ግን አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ በስልክ ሲጠየቅ ያው ካሊፐር ከተጠራልን ዋጋ ከግማሽ በታች ነበር። ከውጭ መምጣታችን ከአነጋገራችን እንደታወቀ ዋጋው መለወጡ ያሳዝናል። ሰው አገሬ ብሎ ሲመጣ እንደ እንግዳ ሲመዘን ይከፋዋል።

ሁለተኛው ጋራዥ እንዲህ ሠራ፤ እናንተም በዚህ ለኩ። ፒስተኖቹን በኮምፕሬሰር ከመታገል በፊት፣ ቱቦው ሳይፈታ በራሱ በፍሬን ፔዳል ገፍቶ አላቀቃቸው፤ የዘይቱ ግፊት ከአየሩ እጅግ ይበረታል። አንዱ ቀድሞ ከወጣ ዘይቱ በዚያ ያመልጣልና፣ ቀለል ያሉትን በሞርሳ ይዞ የነከሰውን አስቀደመ። ካሊፐሩን ለሁለት የሚከፍሉትን ቡሎኖች አልነካም፤ አይነኩም። ማጠቢያው አልኮልና ንጹሕ ፍሬን ዘይት ብቻ ነበር። ጎሚኒው የሚቀመጥበትን ቦይ በእንጨት ጫፍ ጠረገ፤ ካቻቢቴ ይጭረዋል፣ እዚያ የቀረች ዝገት ደግሞ አዲሱን ጎሚኒ ከሥር ገፍታ ፒስተኑን መልሳ ታስነክሰዋለች። ፒስተኑን በእጁ እያዞረ በፀሐይ አየው። አፉ ላይ ያለ ቀላል ዝገት በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀትና በፍሬን ዘይት ይለቃል። ጎሚኒው የሚነካው ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ግን ፒስተኑ ይቀየራል እንጂ አይፋቅም።

ለአንድ ካሊፐር አራት የፒስተን ጎሚኒና አራት የአቧራ መከላከያ ከነቀለበታቸው ያስፈልጋል። አዲሱ ጎሚኒ በፍሬን ዘይት ርሶ ይገባል፣ ፒስተኑም በእጅ ግፊት ቀጥ ብሎ መግባት አለበት፤ መዶሻ ከተነሳ ጠማማ ገብቷል ማለት ነው። ሸራ የሚቀየረው በግራም በቀኝም ነው። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት ራሱ ላይ ተቀርጿል፤ ከዚያ ከቀጠነ ቶርኖ ቤት መውሰድ ዋጋ የለውም። ካሊፐሩን የሚይዙት ሁለት ቡሎኖች በ123 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ፤ የአየር ማውጫዋ ግን በ11 ብቻ፣ ከዚያ ካለፈች ልትቆረጥ ትችላለች።

ሲፈታ የገባው አየር ሲወጣ ግማሽ ሊትር ዶት 3 ለአንድ ጎማ ይበቃል፤ አሮጌውን ሁሉ ለማስወጣት አንድ ሊትር ግዙ። ቆርቆሮው ፊታችሁ ይከፈት። አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው የአየር ማውጫዋን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ከዚያ ብቻ ፔዳሉ ይለቀቃል፤ የማስተሩ የዘይት ዕቃ በመሃል ከባዶ እንዳይደርስ። በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሠራ ፍሬን ያለው ፕራዶ የኋላውን አየር የሚያወጣው ቁልፉ ተከፍቶ ነው። ከዚያ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ብዙ ፍሬን ሳይያዝ ተነድቶ የግራና የቀኙ ሙቀት ይነጻጸራል። ይህን ሳያደርግ «ጨርሰናል» የሚል አልጨረሰም።

እኔ በምኖርበት አገር ካሊፐር የሚፈታ ጋራዥ በቀላሉ አይገኝም። የሰው ሰዓት ከዕቃ ስለሚወደድ አሮጌውን ተቀብለው የታደሰ ይሰጣሉ። እዚህ ፈትቶ የሚያድን እጅ አለ፣ ያም ትልቅ ነገር ነው። የናፈቀኝ ግን የእነሱ ወረቀት ነበር፦ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዋጋው ተጽፎ ይፈረማል፣ የወጣው ዕቃ በእጅ ይሰጣል። ባሕር ዳርም እነዚህን ሁለት ነገሮች ጠይቁ፤ ደህናው ጋራዥ ሳያንገራግር አድርጎታል።

ከውጭ የምትመጡ የጎሚኒውን ኪት በሻንሲ ቁጥር አስወጥታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። ለአንድ ጎን ይሁን ለሁለቱም ጠይቁ። ዘይቱን አትሸከሙ፣ እዚህ አለ። ስትመለሱ ለምትተዉለት ዘመድ ደግሞ ይህን ንገሩ፦ በሳምንት አንዴ መኪናውን ነድቶ ፍሬኑን ደጋግሞ ይርገጥ፣ ሲያቆም የእጅ ፍሬን ስቦ ከመተው ማርሽ አስገብቶ ታኮ ያድርግ፣ ፍሬን ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ያስቀይር።