ቡርጅ ኸሊፋ ወይስ ሻንጋይ ታወር?

ከሁለቱ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች፣ ከዱባዩና ከቻይናው፣ አንዱን ብቻ የማየት ዕድል ቢኖርህ የቱን ትመርጣለህ?

ቁመት፦ ቡርጁ 828 ሜትር፣ ሻንጋይ 632። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ጉራ፦ ከቡርጁ ቁመት ከ200 ሜትር በላይ የሚሆነው ሰው የማይገለገልበት ሹል ጫፍ ነው። ፎቶ ላይ ግን ያምራል!

ነፋስ፦ ዋናው ጠላት እሱ ነው። ቡርጁ ባለ ሦስት ክንፍ ነው፤ ክንፎቹ መሃሉን ደግፈው ይይዙታል። ከፍ ባለ ቁጥር ቅርጹ ስለሚለዋወጥ ነፋሱ ግራ ይጋባል። ሻንጋይ ደግሞ እንደሚጨመቅ ጨርቅ 120 ዲግሪ ያህል ተጠማዟል። ይህ ቅርጽ የነፋሱን ጫና በ24 በመቶ ቀንሶታል፤ የብረት ወጪም አብሮ ቀነሰ። ለእኔ ብልጡ ይሄ ነው።

ጉብኝት፦ ዱባይ ዘመድ ላለው ወይም በትራንዚት ለሚያልፍ ቡርጁ ይቀላል። የጀምበር መጥለቂያ ሰዓት ትኬቱ ግን ኪስ ይጎዳል። የአሠራር ጥበብ ለሚመስጠው ሻንጋይ።