ካፌ ወይስ ነን-ካፌ? ለኢንጂነሪንግ ተማሪ የቱ ይሻላል?

ካፌ ማለት በዩኒቨርሲቲው መመገቢያ አዳራሽ መብላት ነው፤ ነን-ካፌ ደግሞ የምግቡን ብር ተቀብሎ ውጭ መብላት። በመጀመሪያ፣ ነን-ካፌ ሆኜ ከወጪ መጋራት አመልጣለሁ የምትሉ ተሳስታችኋል። በ1995 ዓ.ም. በወጣ ደንብ በተጀመረው አሠራር ተማሪ የትምህርቱን ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ይጋራል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። ልዩነቱ ምግቡን በዓይነት ወይም በጥሬ ብር መውሰድ ብቻ ነው።

ወጪ፦ ካፌ የሚበላ ኪሱ ባዶ ቢሆንም ጦሙን አያድርም። ነን-ካፌ ግን ቤተሰብ ካልደጎመው ወሩን አይዘልቅም። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ቢልም፣ በ100 ብር ውጭ ሦስቴ የሚበላበትን ከተማ አሳዩኝ።

ሰዓት፦ ኢንጂነሪንግ ከሌላው ዲፓርትመንት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የላቦራቶሪ ሥራ ይረዝማል፣ ድሮዊንግ (የንድፍ ሥራ) ያመሻል፤ የካፌ ተማሪ ቲ-ስኩዌሩን (የንድፍ ማስመሪያውን) ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሲሮጥ ቢደርስ የካፌው በር ተዘግቷል። ነን-ካፌ ሲመቸው ይበላል። ዶርም ውስጥ በስቶቭ አበስላለሁ ማለት ግን ከፕሮክተር (ከዶርም ተቆጣጣሪ) ጋር መጣላት ነው።

መላመድ፦ አንደኛ ዓመት ላይ ጓደኛ የሚገኘው የካፌ ሰልፍ ላይ ነው። የአሳይመንቱ ወሬ፣ የሲኒየሮቹ የድሮ ፈተና፣ ሁሉም እዚያው ይሰማል። ብቻውን ውጭ የሚበላ ይህ ዘግይቶ ይደርሰዋል።

ከቤት ቋሚ ብር የማይላክለትና ገና የገባ ተማሪ ካፌ ይያዝ። ጨጓራ ያለበት፣ ቤተሰቡ እዚያው ከተማ የሚኖር ወይም አብረውት ብር አዋጥተው የሚበሉ ጓደኞች ያሉት ነን-ካፌ ያዋጣዋል።